የአዴ ፋጡማን መለኪያ ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌም፣ አብረውኝ ለሚጸልዩት እህቶችም ተናግሬው አላውቅም። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ያኔ ጭሮ መናኸሪያው ጀርባ ልብስ እሰፋ ነበር፤ የተከራየሁትም አዴ ፋጡማ የምንላቸው እናት ግቢ ነው። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ወግቼ የመለኪያውን ቁጥር አነብላቸዋለሁ። ዝቅ ካለ ሞልቼ ያስቀመጥኩላቸውን መርፌ ይተዉታል፣ ካልሆነ ይወጋሉ። ከዚያ ሻይ ነው፣ ወሬ ነው። እናቴን በልጅነቴ የቀበርኩ ነኝና «ልጄ» ሲሉኝ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

በኋላ ወንድ ልጃቸው ከጂዳ ድምፅ ያለው መለኪያ ላከላቸው። ጢ፣ ጢ እያለ መቶውን፣ ከዚያ አሥሩን፣ ከዚያ አንዱን ይቆጥራል። አዴ እንደ ሕፃን ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ከእንግዲህ አንቺን አላስቸግርም» አሉኝ። እኔ መቼ ተቸገርኩ አልኩ? በማግሥቱ በራቸው ላይ ቆሜ ጢ ጢታውን ሰማሁ፤ የጠራኝ የለም። ቀናሁ። አዎ፣ በማሽን ቀናሁ።

«ላጽዳልዎት» ብዬ ወሰድኩትና ድምፁን አጠፋሁት። ሳይበላሽ፣ እያወቅሁ፣ እኔ አጠፋሁት። «ድምፁ ተበላሸ መሰለኝ» አልኳቸው። «ምን ይደረግ፣ የሰው እጅ ሥራ አይደል» አሉና ሻይ ቀዱልኝ። ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን ማንበቡም ወደ እኔ ተመለሰ።

አንድ ቀን ጨርቅ ላመጣ ማልጄ ገለምሶ ሄድኩ። ተኝተው ስለነበር አልቀሰቀስኳቸውም። ጠብቀው ጠብቀው ስቀርባቸው ቁጥሩን ሳያውቁ ተወጉ። ለካ ስኳራቸው ወርዶ ኖሯል። ጎረቤት በላብ ተዘፍቀው፣ አፋቸው ተሳስሮ አገኘቻቸው። ስኳር በጥብጣ ባትግታቸው ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? ስመለስ እጄን ያዙና «ልጄ፣ አስደነገጥኩሽ፣ አፉ በይኝ» አሉኝ።

ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው እኔን። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። ድምፁን መለስኩና «አሠራሁት» አልኳቸው። የሠራውን እጅ ሲመርቁ፣ እኔው አሜን አልኩ።

አዴ ካረፉ ቆዩ። ይህን የጀመርኩት ይቅር በሉኝ ልል ነበር። ግን በውሸቴ ያገኘኋቸው እነዚያ ጠዋቶች፣ ጣታቸው መዳፌ ውስጥ ሆኖ፣ ዛሬም ይናፍቁኛል። መልሺ ብባል የምመልሳቸው አይመስለኝም። ታዲያ በምን አፌ ይቅርታ ልጠይቅ?