ጉናን እያዩ መቅዘፍ

ወንድሜ ጣና ላይ ዓሣ ያጠምዳል። የእስቴ ልጅ፣ ያውም ጉና ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ዋና እንኳ የተማረው ጢም ካበቀለ በኋላ ነው። የአባታችን መሬት ለሁላችን አልበቃ ሲል ወደ ፎገራ ወርዶ የሐይቅ ዳር ሰው ልጅ አገባ፤ አንዲት ትንሽ የእንጨት ጀልባም አሠራ። እስከዚህ ድረስ መርቄ ነው የሸኘሁት። አንጀቴን ያሳረረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

አንድ ቀን ሚስቱ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ እባክዎ ይምጡልኝ። ወንድምዎ ውኃው ላይ መጠን አጣ፤ በየቀኑ እየራቀ ነው የሚሄድ። እኔን አይሰማም፣ አንቱን ግን ይፈራል» አለችኝ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለችውን የእህል ሱቄን በገበያ ቀን ዘግቼ ተነሣሁ። በገበያ ቀን! እስከ ደብረ ታቦር ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር ሲጋጭ፣ ከዚያም እስከ ወረታ ሌላ መኪና ውስጥ ተጣብቄ፣ የምሰድበውን ስድብ እያሰናዳሁ ወረድኩ።

ስደርስ ደጃፉ ላይ መረብ ይጠግናል። ሚስቱ እሱ ባለበት ነገሩን ዘርግታ አስረዳችኝ። የሐይቅ ዳር ሰዎች ርቀቱን የሚለኩት በከብት ነው። ዳር ላይ ውኃ የሚጠጣው ከብት እግሩ ተለይቶ እስከታየ ድረስ መሄድ ይቻላል፤ እግሩ ጠፍቶ ሆዱ መሬት ላይ የተቀመጠ ሲመስል ግን መረብ ተሰብስቦ መመለስ ነው። ከዚያ ካለፉ፣ ነፋስ ሲነሣ ትንሽ ጀልባ ማዕበሉን ቀድማ ዳር አትደርስም።

«ጉና እየታየኝ ደግሞ የት እጠፋለሁ?» አለ ወንድሜ፣ እየሳቀ።

«ጉና መጥቶ ጀልባህን ይጎትትልሃል?» አለችው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ አገር ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ ጉናን ያያል። ደመና ከለበሰ ነዶው ይሸፈናል፣ ከጠራ አውድማው ላይ ይዘረጋል። ወንድሜ ይህንኑ ይዞ ሐይቅ ገብቷል። ጉና ከጠራ ይወጣል፣ ጉና እስከታየው ድረስም አልራቅሁም ይላል። ያን የሚያህል ተራራ ከየት ሆኖ ነው የማይታየው?

ካላየሁ አላምንም ብዬ በማግስቱ አብሬው ጀልባ ላይ ወጣሁ። ውኃው ፀጥ ብሏል። እሱ ወደ ሐይቁ መሀል ዞሮ ይቀዝፋል፣ እኔ ፊቴን ወደ ዳር አድርጌ ተቀምጫለሁ። ጉና ከነትከሻው ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ወርጄ በእግሬ ቤቴ የምገባ እስኪመስለኝ ድረስ ቅርብ ነው። ያሰናዳሁት ስድብ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ልቤ እንደ ሞኝ ተረጋጋ። ዓይኔን ከተራራው አውርጄ ዳሩን ስፈልግ ግን ከብቱ እግርም ሆድም የለው፤ የተበተነ ጥቁር ጤፍ ነው የሚመስል።

«ተመለስ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆነሻል እቴ? ጉና እኮ ጥርት ብሏል።»

የጣለውን መረብ ገና ሰብስቦ ሳይጨርስ ነፋሱ ከሐይቁ ማዶ፣ ከዘጌ በኩል ተነሣ። ዞረን ወደ ዳር ስንቀዝፍ ማዕበሉ ከኋላችን እየደረሰ ጀልባው ውስጥ ይገለበጣል። እኔ በቆርቆሮ እየጨለፍኩ አንዴ እመቤቴን እጠራለሁ፣ አንዴ ወንድሜን እራገማለሁ። ክብደት እንዲቀንስ ብሎ መረቡን ከነዓሣው ለቀቀው። ጉና ያን ሁሉ ጊዜ አንዲት ጭረት ደመና ሳትነካው ቆሞ ያየናል።

ሚስቱ እስከ ወገቧ ውኃ ገብታ የጀልባውን አፍንጫ ይዛ ጎተተችን። ወንድሜ ሸሚዙን አውልቆ እየጨመቀ፣ «ጉና ላይ እኮ ምንም ምልክት አልነበረም» አለ፣ ምስክሩ እንደከዳው ሰው ቅር ብሎት። በዚያው በቆርቆሮው ጭንቅላቱን ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

«ነፋሱ ከዘጌ ነው የመጣው! ጉና እዚህ ምን ቤት ነው?» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። ከከብቱ እግር እንዳያልፍ አስማልኩት፣ አሁንም «እሺ» አለኝ። ይህን እሺ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሰውን ቶሎ ለመሸኘት የሚጠቀምበት ነው።

ወደ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ሚስቱ ደወለች። «ዛሬ ሳይወጣ ቀርቷል» ስትለኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «ምክራችንን ሰማ በያ!» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ ጉና ደመና ለብሷል ብሎ ነው። ሐይቁስ ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም።»

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ስነጫነጭ ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስወጣ ጉና ጥርት ብሏል። ጎረቤቶቼ ለውቂያ የሚሆን ቀን ሰጠን ብለው ያመሰግናሉ። እኔ የጠራ ሰማይ ስረግም በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ደወልኩላት።

«ወጥቷል» አለችኝ።

«የት ደርሷል?»

«ዳር ቆሜ እያየሁት ነው። መቅዘፊያውን ሲያነሣ ይታየኛል።»

«ስልኩን እንዳትዘጊው።»

አንድ ገበሬ ገብስ ስንት ነው ይለኛል፣ በእጄ ቆይ አልኩት። ከወዲያ የሚሰማኝ የእሷ ትንፋሽና የውኃው ድምፅ ብቻ ነው።

«አሁንስ?»

«አሁን እሱና ጀልባው አንድ ሆነውብኛል፣ እትዬ። እጁን መለየት አቃተኝ።»

«ጥሪው! ምን ትጠብቂያለሽ፣ ጥሪው እንጂ!»

«ብጠራው አይሰማኝም» አለች። «ድምፅ ከሚደርስበት አልፏል።»