ፕላስተሩ ሳይጠቁር

ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳይናገር ነው። በምሠራበት ጤና ጣቢያ ክርክር በተነሳ ቁጥር «ማዘር፣ አንቺ እኮ የተማርሽው እስከ…» ብሎ የሚጀምር አይጠፋም። ማንበብ ግን አላቆምኩም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን መመሪያ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ የተጻፈውን፣ ዓይኔ የደረሰበትን ሁሉ አነባለሁ።

ጤና ጣቢያው ከዲላ ወጣ ብሎ ቡና መሐል ነው። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። በኋላ የሕክምና ዕቃ የሚጸዳበትን ክፍል የሚይዝ ሰው ሲጠፋ፣ አንዲት ነርስ ሁለት ሳምንት አሠልጥናኝ እዚያው ቀረሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሦስት ባልዲ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ ኦቶክሌቭ። ኦቶክሌቭ ማለት ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ ትልቅ ድስት ነው፤ በታፈነ እንፋሎት ዕቃ ከጀርም ያጠራል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «እኛ ጋ መቀስ ነው የሚቀቀለው» እያልኩ አስጎበኛለሁ።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ከማዋለጃ ክፍል የመጣ ዕቃ መጀመሪያ ክሎሪን ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ክሎሪኑ ሲበዛ ብረቱን ይበላዋል፣ ሲያንስ ደግሞ ራስን ማታለል ነው። ቀጥሎ በሳሙናና በብሩሽ መጋጠሚያው ሳይቀር ይታሻል፤ ደም የደረቀበት መቀስ ላይ የቱም መድኃኒት አይሠራም። ከዚያ በጨርቅ ተጠቅልሎ ፕላስተር ይለጠፍበትና ኦቶክሌቭ ይገባል። ፕላስተሩ ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች አሉ። እንፋሎቱ እንደሚገባው ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ። ካልጠቆሩ ጥቅሉ አይወጣም።

እትብት የሚቆረጠው በዚህ መቀስ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ደግሞ እንደሌላው አይደለም፤ ጠንካራ ሽፋን አበጅቶ ይደበቃል፣ የፈላ ውኃ እንኳ አይበግረውም። የመጀመሪያ ልጄን የወሰደብኝ እሱ ነው። ቤት ነው የወለድኩት፤ እትብቱ የተቆረጠው በቀሚስ በተጠረገ ቢላ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጡት እምቢ አለ፣ በስምንተኛው ቀን ቀበርነው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «የእግዜር ሥራ ነው» አለኝ። አይደለም። የቢላው ሥራ ነው።

አሁን የምነግራችሁ የሆነው በቡና ለቀማ ወቅት ነው። ጎህ ሳይቀድ ሁለት ሴቶች ወልደው ስለነበር ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድም ጥቅል አልቀረም። ረፋዱ ላይ ሦስተኛዋ መጣች፤ ከላይ ከተራራው ቀበሌ፣ ባሏና አማቷ ደግፈዋት፣ ሦስቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። የመጀመሪያ ልጇ ነው። አዋላጇ ልጅ እግር ናት፤ መረመረቻትና «ገና ነው፣ ጊዜ አለን» አለች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኦቶክሌቩን ከሰል ምድጃ ላይ ጣድኩት።

ክዳኑ ከጠበቀ በኋላ የእንፋሎቱ መውጫ ለጥቂት ጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ ውስጥ ያለው አየር ተገፍቶ እንዲወጣ ነው። አየር ከቀረበት የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን ጥቅሉ መሐል አይደርስም። ስለዚህ እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ እስኪያፏጭ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያን ቀን ውኃ ልቀዳ ወጣ ስል ኃላፊያችን ገባ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ አልሆነውም፤ ሁሉም ሰው ዶክተር ይለዋል፣ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። ስመለስ መውጫው ተዘግቷል።

«ከሰሉ ሳያልቅ ዘጋሁልሽ» አለኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው።

«አየሩ ወጥቷል?»

«አፏጭቷል ባክሽ።»

አመንኩት። የእኔ ጥፋት ይህቺ ናት፣ አልክዳትም። ሠላሳ ደቂቃ ቆጥሬ፣ ጌጁ እስኪወርድ ጠብቄ ስከፍት መስመሮቹ ግራጫ እንኳ በቅጡ አልሆኑም።

«ጌጁ ደርሷል፣ እኔው ራሴ አይቼዋለሁ» አለ ኃላፊው።

«ፕላስተሩ ግን አልጠቆረም።»

«አሮጌ ፕላስተር ይሆናላ።»

ከዚያው ጥቅልል ተቆርጦ ትናንት የተለጠፈውን ከቅርጫት አንስቼ አሳየሁት፤ ጥቁር ነው። አየው። ካየው በኋላ ነው የባሰበት።

«ማዘር፣ ሴትዮዋ ምጥ ላይ ናት። ፈርሚና አውጪ።»

ጥቅል ሲወጣ የምፈርምበት መዝገብ አለ። ፊርማዬ «ይህ መቀስ ንጹሕ ነው» ማለት ነው። «አልፈርምም» አልኩት። ጥቅሎቹን በአዲስ ጨርቅና በአዲስ ፕላስተር ጠቅልዬ መልሼ ከተትኩ፣ ውኃ ጨመርኩ፣ ከሰል ደረብኩ፣ መውጫውን ከፍቼ ፊቱ ቆምኩ።

«እዚህ ቤት ኃላፊው እኔ ነኝ» አለኝ።

«ነህ። ይህን ድስት የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ዛሬ ከእኔ ሌላ የሚነካው የለም።» ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምለው። በዚያ ሰዓት ትዝም አላለኝ።

በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ነው ያለኝ። ቋሚ እንድሆን የተጻፈው ደብዳቤ ደግሞ የእሱን ፊርማ እየጠበቀ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን።

እንፋሎቱ ማፏጨት ጀመረ። ጠበቅኩ፣ ዘጋሁ። ጌጁ ቦታው ሲደርስ ሠላሳ ደቂቃዬን መቁጠር ጀመርኩ። በሃያ አንደኛው ደቂቃ ከማዋለጃ ክፍሉ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። አዋላጇ ጊዜ አለን ብላ ነበር፤ ለልጁ የነገረው የለም።

አማትየው እያለከለኩ መጡ። አማርኛቸው የጌዴኦ ዜማ አለው፤ ወንድና ሴቱም ይደባለቅባቸዋል። «ልጁ መጣች እኮ። እናንተ ምን ትጠብቃለህ? መቀስ የታለ?»

«ሰማሽ?» አለኝ ኃላፊው። «በቃ፣ አንዱን መቀስ አውጪና በአልኮል ጠርጌ እወስደዋለሁ።»

«አልኮል ለእጅህ ነው። መንጋጋ ቆልፍን አይነካውም። ይህን የተማርከው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም።»

በሩ ላይ ወጥቼ አዋላጇን ተጣራሁ። «እትብቱን አትንኪው። ልጁን አድርቂና እናቱ ላይ አስተኚው፣ ከላይ አልብሺው። ሳይቆረጥ ትንሽ ቢቆይ ምንም አይሆንም።»

«አስተኝቼዋለሁ እትዬ» አለችኝ። «ደህና ነው። እጠብቃለሁ።»

ያቺን ልጅ የወደድኳት ያኔ ነው። በእኔና በኃላፊዋ መሐል ሆና፣ ገና ሥራ በጀመረች በዓመቷ፣ እጠብቃለሁ አለች። ሕፃኑ እንደተያያዘ እናቱ ደረት ላይ ተኝቶ፣ እኔ ሰዓቴ ላይ አፍጥጬ፣ የቀሩት ደቂቃዎች አለቁ። ከዚያ እንፋሎቱን ቀስ እያልኩ አስወጣሁ። ይህቺ ጥበቃ ከሁሉም ረዘመችብኝ። ሕፃኑ ዝም ሲል ጆሮዬን ወደ ማዋለጃው እጥላለሁ፤ ሲያለቅስ ደህና ነኝ።

ክዳኑን ከፈትኩ። መስመሮቹ ጠቁረዋል። ጨርቁ ገና እርጥብ ነበር፤ እርጥብ ጥቅል ቁም ሣጥን አይገባም፣ እዚያው ወዲያው ለሚከፈት ግን ይሆናል። ፈረምኩ፣ ወሰድኩ፣ አዋላጇ አሰረችና ቆረጠች። እናትየው አንድም ነገር አልጠየቀችም። ጤና ጣቢያ ሲወለድ እንዲህ ነው ብላ ሳይሆን አይቀርም።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። አገልግሎት በማዘግየትና አለቃን ባለማክበር የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ከፊቱ ነበር። አጠገቡ ያ የቋሚነት ደብዳቤ።

«ሁለት መስመር ይቅርታ ጻፊልኝ» አለ፣ ለስለስ ብሎ። «ይህን እቀደዋለሁ፣ ያንን እፈርመዋለሁ። ደግሞ እኮ በመጀመሪያውም መቀስ ቢቆረጥ ልጁ ምንም ላይሆን ይችል ነበር።»

እውነቱን ነው፣ ላይሆን ይችል ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ያልመጣ በሽታ አይታይም። ሰው ሲሞት ጥፋተኛ ይፈለጋል፤ ሳይሞት ሲቀር ግን ማን ምን አደረገ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዕድሜ ልኬን ብሠራ «ይህን አዳንኩ» ብዬ በጣቴ የማሳየው አንድ ሰው አይኖረኝም። ስለዚህ ማሳየት የምችለው ፕላስተሩን ብቻ ነው።

ለይቅርታው የዘረጋልኝን ባዶ ወረቀት ተቀበልኩት። ሁለት መስመር አልበቃኝም። መውጫው ያለጊዜው መዘጋቱን፣ ማን እንደዘጋው፣ እኔም ሳላጣራ ማመኔን፣ ፈርሚ መባሌን፣ አለመፈረሜን በተራ በተራ ጻፍኩ። ያልጠቆረውንና የጠቆረውን ፕላስተር ከታች ጎን ለጎን ለጠፍኩ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ነገም ቢሆን እንዲሁ አደርጋለሁ የሚል ግን አለበት። ፋይሌ ውስጥ ይግባልኝ አልኩ፣ ገባ። የቋሚነቱ ደብዳቤ ሳይፈረም ቀረ።

እሱ ከተዛወረ ቆየ። እኔ ዛሬም ኮንትራት ነኝ። አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር ፋይሌን ገልጦ እዚያ ወረቀት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔም ዓይኔን አልሰብርም። ወረቀቱ ዘንድሮ አራት ዓመት ሞላው። ልጁም።