ባሕሩ የሻምበሉን ትእዛዝ አልሰማም

ሰኞ ንጋት በ12 ሰዓት ባሕሩን በእግር ተሻግረን ከደሴቲቱ እንድንወጣ ታዘዝን። ከሳምንት በፊት፣ ጨረቃ ሙሉ ሳለች፣ በዚያው ሰዓት ስንገባ ውሃው ከጉልበት አላለፈም ነበር። የተሻገርንበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርገንበታል። የደጋ ሰዎች ነና! እኛ የምናውቀው ወንዝ ነው፤ መልካው አንዴ ከተገኘ፣ ዝናብ ካልጣለ በቀር ነገም መልካ ነው።

ከመሐላችን ባሕር የሚያውቀው ሳልህ ብቻ ነበር፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። በዋዜማው ሻምበል አዛዡ ፊት ቆሞ «ጌታዬ፣ ባሕሩ ጨረቃን እንጂ ሰዓታችንን አይከተልም» አለ። «ሙላቱም ጉድለቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በሳምንት ስድስት ሰዓት ገደማ ሆነ ማለት ነው። ነገ ንጋት ላይ ሙሉ ነው፤ እስከ እኩለ ቀን እንጠብቅ።»

እውነት ለመናገር ሻምበሉም ጨንቆት ነበር። መሻገሪያውን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ የጠላት መትረየስ አለ፤ በደንብ ከነጋ ያየናል። ግን ሰውየው ከማሰብ ይልቅ መሳደብ ይቀናው ነበር።

«አሉባልታ ትነዛለህ? እንግዲያው ከፊት ሆነህ አንተው ምራን!»

ሳልህ ወደ እኔ ዞሮ «አሥር አለቃ፣ ልጆችህን ያዝ» አለኝ።

12 ሰዓት። ሰልፉ ገባ። በሃምሳ እርምጃ ወገብ። በመቶ ደረት። የእኔ ጓድ መጨረሻ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው። «ቁሙ!» አልኩ።

ምክትሌ «ትእዛዝ ነው እኮ!» አለኝ።

«ትእዛዙን ለባሕሩ አንብብለት!»

መሐል ያለው ቦይ ላይ ሲደርሱ ጥይት የተሸከሙት ሰመጡ። ሁለቱን ጎትተን አወጣን። ሳልህ ዋና ያውቅ ነበር፤ ማዶ ወጥቷል። ሰው ሲጮህ ሰማና ተመልሶ ገባ። በዓይኔ አይቻለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ውሃው እሱ እንዳለው ጎደለ። የተረፍነው ሁሉ በመትረየስ ሥር ሮጠን ተሻገርን። ሁለት ሰው ቆሰለብን፤ የሞተ የለም።

ባሕር የቀሩት አሥራ ሰባት ናቸው። የሟቾች መዝገብ ላይ ግን አሥራ ስድስት ተጻፈ፤ ሳልህ «ዋኝቶ ለጠላት ገባ» ተባለ። ምስክር ሆነህ ፈርም አሉኝ። እንቢ አልኩ። ማዕረጌን ገፈፉኝ፤ ይግፈፉ!

ያ መንግሥት ከነመዝገቡ ወድቋል። ዘንድሮ እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ፣ ልጄ ሊያ ስለ ባሕር ሙላት ሆምወርክ ይዛ መጣች። ሚኒሶታ ባሕር የት አላት! የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት።

«ዳድ፣ ቲቸሬ ሶርስ ጻፉ ብላለች። የት አነበብከው?»

«አላነበብኩትም። ሳልህ ብለሽ ጻፊ።»

«ሁ ኢዝ ሳልህ?»

«ማዶ ደርሶ ለእኛ ሲል የተመለሰ ሰው።»

ጻፈችው። ወረቀቱ ሲመለስ ስሙ በቀይ ተሰርዟል፤ መጽሐፍ ጥቀሽ ይላል። ልጅቷ ከፋት፤ እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ።

«እንደገና ጻፊው» አልኳት።

የሞቱት አሥራ ሰባት ናቸው። እኔ በሕይወት እያለሁ አሥራ ስድስት አይባሉም።