ጠባቡ ቀለበቴ

ቀለበቱ ከመጀመሪያውም ልኬ አልነበረም። ባሌ ከደቡብ አፍሪካ ይዞት ሲመጣ ጣቴን ለክቶ አያውቅም፤ በስልክ "ቀጭን ነሽ ወይስ ወፈር ያልሽ?" ብሎ ጠይቆኝ "መካከለኛ ነኝ" ብዬው ነበር። በዚያ መልስ ነው የተገዛው። የሠርጋችን ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ እያየን፣ ቀለበቱ የጣቴ አንጓ ላይ ደርሶ አልገባ አለ። መጋቢው ፈገግ አሉ፤ ባሌ ላብ በላብ ሆነ። እኔ ደግሞ እልህ ከያዘኝ አይጣል ነው፤ እጁን ገፋ አድርጌ ራሴ እየጠመዘዝኩ አስገባሁት። ቆዳዬ ተላጠ፣ ሰዉ እልል አለ።

ከዚያ በኋላ አልወጣም። ባሌ የመጣው ለአንድ ወር ነበር፤ ወሩ ሲያልቅ "ወረቀትሽን ጨርሼ እወስድሻለሁ" ብሎኝ ደቡብ አፍሪካ ወዳለው ሱቁ ተመለሰ። እኔም ከተወለድኩባት ከዱራሜ ወጥቼ ጊምቢቹ አጠገብ ወዳለው የእናቱ ግቢ ገባሁ። በእኛ አካባቢ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ከየግቢው አንድ ወንድ ልጅ እዚያ ነው፤ ከየግቢው አንዲት ሙሽራ ስልክ ስትጠብቅ ትውላለች።

አማቴን በስማቸው ጠርቼ አላውቅም። በባሌ ወገን፣ በሀዲያ፣ ሙሽራ የአማቷን ስም በአፏ አታነሳም፤ የዛሬ ወጣቶች ትተውታል፣ እኔ ላይ ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። እማ ነው የምላቸው። የእሳቸው ሀዲይኛ፣ የእኔ ከምባትኛ፤ የምንገናኘው በአማርኛ፣ የሁለታችንም ባልሆነ ቋንቋ ነበር። ስለዚህ ወሬያችን አጭር ነው። ላሟ ታለበች? ታለበች። ውኃ አለ? አለ። ልጄ ደወለ? እዚህ ላይ መልሱ ይለያያል።

መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር። ከዚያ በየእሁዱ ሆነ፣ ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን እያወራን ከኋላው ሕፃን አለቀሰ። "የጎረቤት ልጅ ነው" አለኝ። ጎረቤትህ አልጋህ ላይ ነው እንዴ የምትወልደው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የዋጥኩት ታላቅ እህቱ ከጎኔ ስለነበረች ነው። አጥር ለአጥር ነው የምንኖረው፤ ዓይኗ ከእኔ ላይ አይነቀልም። ከተማ ያደገች ሙሽራ ባሏ በሌለበት ሌላ ወንድ ያምራታል ብላ ታስባለች መሰለኝ፣ ከገበያ ትንሽ ከዘገየሁ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንድ ክረምት ጣቴ አብጦ ቀለበቱን እሷው ነበረች በሳሙናም በክርም የታገለችው። እንቢ ሲላት ሳቀች፤ "ይሄማ አብሮሽ ነው የሚቀበረው" ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።

ነገሩ የሆነው በመስቀል ዋዜማ ነው። መስቀል ለሀዲያ ሰው የዓመቱ ራስ ነው። ወንዶቹ በሬ ተካፍለው ያርዳሉ፤ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በቅቤ ዕቁብ ያጠራቀሙትን ያወጣሉ። አተካና ይሠራል፤ ቡላው በወተትና በቅቤ እየተማሰለ፣ ቅቤው ከላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ። ያን ጠዋት ቅቤውን ከቅመሙ ጋር ሳሽ አርፍጄ እስከ ክርኔ ወዝቼ ነበር። እማ "ቅጠሉን አጥበሽ ነይ" አሉኝ፤ ምግቡ የሚቀርብበትን የእንሰት ቅጠል ማለታቸው ነው። እጄን እንኳ በወጉ ሳልታጠብ ተሸክሜው ወንዝ ወረድኩ። ውኃው መሐል ቆሜ ቅጠሉን አንድ በአንድ በመዳፌ እየፈተግኩ አጠብኩ። የመጨረሻውን አራግፌ ስነሳ ጣቴ ቀለለኝ። ቀለበቱ የለም። የነበረበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

መጀመሪያ የታየኝ ባሌ አልነበረም፣ እህቱ ናት። በሳሙናም በክርም እንቢ ያለ ቀለበት ወንዝ ውስጥ ወለቀብኝ ብል ማን ያምነኛል? አስቆርጣ ጣለችው፣ ልቧ ሸፍቷል ነው የሚባለው። ማታ ደግሞ ባሌ በቪዲዮ ይደውላል። የቤተሰቡ ሰው ሁሉ አንዱን ስልክ ከቦ ተራ በተራ እጁን እያውለበለበ እንኳን አደረሰህ ይለዋል። እጄን የት አባቴ ልደብቀው? በዚያ ግቢ ውስጥ ያለችኝ ስም ታማኝ ሚስት የምትል ብቻ ነበረች፤ እሷም አሁን ጭቃ ውስጥ ወድቃለች።

ቀሚሴን ሰብስቤ ተመልሼ ገባሁ። መስከረም ስለሆነ ወንዙ ከክረምቱ ገና አልጠራም፣ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። በእግሬ ጣቶች ዳበስኩ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳበስኩ። ፀጉሬን በሻሽ ጠፍሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠለቅኩና ዓይኔን ውኃው ውስጥ ገለጥኩት፤ ከድፍርሱ በቀር የማየው ነገር አልነበረም። አሸዋውን በእፍኜ እያወጣሁ ፈተሽኩ። አንድ ጊዜ ክብ ነገር እጄ ገብቶ ልቤ ዘለለ፤ የለስላሳ ቆርኪ ነበር። በንዴት ወደ ማዶ ወረወርኩት። ጸለይኩ። ጸሎቱም ወደ ጠብ ተለወጠ፤ "ጌታ ሆይ፣ ይሄን ሁሉ ዝም ብዬ ችዬ፣ ለዚህች እንኳ አትሆነኝም?" አልኩት ጮክ ብዬ። እግሬ ደንዝዞ ከጉልበቴ በታች የኔ አልመስል አለኝ።

ስቆይባቸው እማ መጡ። ዳር ቆመው "ምን ሆንሽ?" አሉኝ። እጄን ዘረጋሁላቸው። ጩኸት ጠበቅኩ። እሳቸው ግን መዳፌን ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። "ቅቤ" አሉ። ከዚያ ዞረው ወደ ቤት ሄዱ። ትተውኝ ሄዱ ብዬ ያኔ ነው ያለቀስኩት። ጥቂት ቆይተው ግን ገበቴ ይዘው ተመለሱ፤ ጫማቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው እንዳሉ ገቡ።

ቡላ እንዴት እንደሚገኝ በዚያ አገር ያላደገ ሰው ላያውቅ ይችላል። የእንሰቱ ጭማቂ ገበቴ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከባዱ ከሥር ይረጋል፣ ውኃው ከላይ ቀስ ተብሎ ይደፋል። እማ ወንዙንም እንደዚያው ያዙት። ከቆምኩበት ቦታ ዝቅ ብለው የወንዙን ወለል በገበቴው ይዝቃሉ፣ ያወዛውዛሉ፣ ቀላሉን ከውኃው ጋር ይደፋሉ፣ የቀረውን በጣታቸው ይበትናሉ። የለም። እንደገና ይዝቃሉ። እኔ ከታች በኩል ጎንብሼ ያመለጠውን እዳብሳለሁ። የሁለታችንም ጥርስ ይንቀጫቀጫል።

የባሌ እህት የወሬውን ሽታ እንዴት እንዳገኘች እግዜር ይወቅ፣ ሁለት ጎረቤቶች አስከትላ ከተፍ አለች። "ያ ቀለበት? በሳሙና እንቢ ያለው? ዛሬ በመስቀል ወለቀ?" አለች ዳር ላይ ወገቧን ይዛ። "አይ ሙሽሪት! ለወንድሜ ምን ልንለው ነው?" ጎረቤቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ድንጋይ አንስቼ ልወረውርባት ሁሉ አምሮኝ ነበር። እማ ቀና ብለው አላዩአትም፣ ይዝቃሉ።

ትንሽ ወረድ ብለን ውኃው የሚታጠፍበት ጋ ስንደርስ የእማ እጅ ቆመ። ጀርባቸውን ለዳሩ ሰጥተው ገበቴውን ወደ እኔ አዘነበሉት። ከጥቁሩ አሸዋ መሐል ቀለበቴ ያበራል። ተመስገን ብዬ ልጮህ፣ እጄንም ልሰድ ስል፣ እሳቸው ቀደሙኝና ጨበጡት።

"ዝም በዪ" አሉኝ በቀስታ። "ልጄ እዚያ ሚስት አለው። ልጅም ወልዷል። እኔ ሰምቼ ቆይቻለሁ።"

ውኃው ወገቤን ይገፋኛል። የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን ሰው አፍ ላይ ሲሆን ሌላ ነው። እሳቸው ክርኔን ያዙኝ።

"ልጄ ነው፤ ልጠላው አልችልም" አሉ። "አንቺን መዋሸት ግን ደከመኝ።" ከዚያ የጨበጡትን እጃቸውን ውኃው ውስጥ ዝቅ አደረጉት። "ላድርግልሽ? ወይስ ውኃው ይውሰደው?"

በሠርጌ ጊዜ ሽማግሌዎቹ አባቴን ጠየቁ፣ አባቴ አጎቶቼን ጠየቁ፣ መጋቢው እንኳ የጠየቁኝ መልሱን ሁሉም ካወቀው በኋላ ነው። እውነተኛ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የለመንኩት ነገር አጠገቤ ሆኖ፣ እንዴት ብዬ እንደመለስኩ እኔም አይገባኝም።

"ውኃው ይውሰደው፣ እማ።"

ጣታቸው ሲፈታ ታየኝ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ዳሩ ዞሩና፣ እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼአቸው አላውቅም፤ "የለም! እኔ ራሴ ፈልጌያለሁ! በቅቤ ተንሸራቶ ነው የወለቀው፣ ወንዙ ወሰደው! ይህችን ልጅ አወለቀች የሚል ሰው ደጄን እንዳይረግጥ!" አሉ። የባሌ እህት እጇን ከወገቧ ላይ አወረደች። እኔና እማ ተደጋግፈን ወጣን። ፊታቸው ርጥብ ነበር፤ የወንዙ ይሁን የዓይናቸው መለየት አልቻልኩም።

ማታ ስልኩ ተደወለ። ቀለበቱ ወንዝ ውስጥ መቅረቱን እማ ነገሩት። ስልኩ ለእኔ ሲሰጥ "አይዞሽ፣ ሌላ እገዛልሻለሁ" አለኝና ስለ በሬው ስብ መጠየቅ ጀመረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምን ባደርግ ይሻል ነበር እያልኩ ነበር፤ ያኔ ለየልኝ። ስለ በሬው ነገርኩት፤ የሰባ ነው አልኩት።

በዓሉ እንዳለፈ "እናቷን ጠይቃ ትመጣለች" ተብሎ ተሸኘሁ። ለሚስትነት እንደማልመለስ የምናውቀው እኔና እማ ብቻ ነበርን። እስከ ጊምቢቹ መናኸሪያ ድረስ ቦርሳዬን እሳቸው ተሸከሙ፤ አልሰጥም አሉኝ። ስንሰነባበት ከቃሪያ የተፈጨ ዳጣ ሰጡኝ። ዳጣ የሚልክ ሰው ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ነው የሚልከው፣ ማንም መልሱልኝ አይልም። እሳቸው ግን የሰጡኝ በራሳቸው ሸክላ፣ እናታቸው ካወረሷቸው ክዳን ካላት ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ነበር።

"ዳጣው ሲያልቅ" አሉኝ በመስኮት፣ መኪናው ሲነሳ፣ "ዕቃዬን መልሺ።"

ዳጣው ካለቀ ቆየ። ማሰሮዋን አጥቤ ዱራሜ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬአታለሁ። መስቀል በመጣ ቁጥር አወርዳትና አቧራዋን እጠርጋለሁ፤ ከዚያ በዚያ ግቢ በር ምን ሆኜ እንደምገባ ይጨንቀኝና መልሼ አስቀምጣታለሁ። እሳቸው በሕይወት ስለመኖራቸው የምሰማው ከጊምቢቹ ከሚመጡ ነጋዴዎች ነው፤ ስለ ዕቃቸው ይጠይቃሉ ይሉኛል።