የቅል መለከትና የኔ ሳክስፎን

የዚያን ቀን ጅልነቴ ገና አፌን ስከፍት ነበር የጀመረው። ከቋራ ቆላ የመጡ የጉሙዝ መለከት ነፊዎች መተማ፣ የቀበሌው አዳራሽ ጥላ ሥር ቆመዋል። እኔ ደግሞ ከጎንደር ከኪነት ቡድን ጋር የወረድኩ ሳክስፎን ነፊ ነኝ፤ ጃዝን ከሸክላ ላይ ቃርሜ አዋቂ ነኝ ባይ። አንዱን ረጅም ጎልማሳ ጠራሁና፣

«እስቲ አንተ ብቻህን ዜማውን ተጫወትልኝ» አልኩት። ጃዝ እንዲያ ነዋ! አንዱ ወጣ ብሎ ይናገራል፣ ሌላው ያጅበዋል።

ጎልማሳው የቅል መለከቱን አፉ ላይ ደግኖ አንዴ «ቡ!» አደረገና አወረደው።

«ቀጥል እንጂ!»

«ጨረስኩ።»

«የቀረው ዜማስ?»

«እነሱ ጋ ነው» ብሎ ጓደኞቹን በአገጩ አሳየኝ።

ሳቁ አይነሳ! ለካ አንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሁሉም ተራው ሲደርስ የራሱን ይነፋል፤ ዜማው ከአፍ ወደ አፍ እየዘለለ ይሄዳል። የኔ ጥያቄ በአንድ ፊደል ደብዳቤ ጻፍልኝ እንደ ማለት ነበር።

አለቃቸው የጎልማሳው አባት ናቸው፤ ሽማግሌ። ሳክስፎኔን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ይሄ ብቻውን ይሄን ሁሉ አፍ ያወጣው ስንት ሰው ውጦ ነው?» አሉኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሰዓት በኋላ ለካድሬዎች ስብሰባ አብረን ትርኢት እናሳያለን። ልምምዱ ላይ ክባቸው ውስጥ አስገቡኝ። መጀመሪያ እንደ ሰከረ አህያ ረጋገጥኳቸው፤ ኋላ ግን ክፍተት መጠበቅ ተማርኩ። ጃዜ ከሸክላው ወጥቶ ላብ ላብ የሸተተኝ ያኔ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጎልማሳው ትንባሆ ሊገዛ ገበያ ወጣ። ገበያው ላይ አፈሳ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ከወሎና ከጎጃም ከወረዱት የቀን ሠራተኞች ጋር ሎሪ ላይ ጫኑት፤ ለውትድርና።

ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። «አንተን ይሰሙሃል። ንገርልኝ።»

ካድሬው ዘንድ ሮጥኩ። እኔ ሞኙ፣ አባቱ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጆች አሉት እንደ ማለት፣ ስለ ሙዚቃ አስረዳሁት። «ጓድ፣ ያለ እሱ ዜማው ይጎድላል።»

«ስንት ድምፅ ነው የጎደለው?»

«አንድ።»

«አንድ ድምፅማ አንተ ሙላው! ያ ሁሉ ቁልፍ ለጌጥ ነው እንዴ?»

ሎሪው በጎንደር መንገድ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ተመልሼ ካድሬው ያለኝን ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«እንዳትሞላው» አሉኝ። «ሦስት ዙር እንነፋለን። በሦስቱም የልጄ ቦታ ባዶ ይሁን። ሰው ይስማ፤ የት ሄደ ይበል።»

መድረክ ላይ ወጣን። በመጀመሪያው ዙር የሱ ተራ ሲደርስ ከንፈሬን ነከስኩ። ዜማው እንደ ተሰበረ ደረጃ ጎደለ። ከአፈሳው ተርፈው በመስኮት የተንጠለጠሉት የቀን ሠራተኞች ተያዩ፤ አንዱማ አንገቱን አስግጎ ከነፊዎቹ መሀል ሰው ይፈልግ ጀመር። ካድሬው ከፊት ወንበር ተነስቶ በጣቱ ወደ ሳክስፎኔ ጠቆመ። በሁለተኛው ዙር ነፋሁ። በሦስተኛውም።

ክፋቱ ማማሩ ነው። ልክክ አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። የት ሄደ ያለ ሰው ግን አልነበረም።

ሽማግሌው መለከቶቹን ሰብስበው ሲያስሩ አጠገባቸው ቆምኩ። አልተቆጡኝም።

«አንዱን ዙር ተውክለት፤ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «ሁለት ዙር አለብህ። ስንገናኝ ትከፍላለህ።»

በእግራቸው ወደ አገራቸው፣ ወደ ገለጉ ሄዱ። አልተገናኘንም። ልጁ ተመለሰ የሚል ሰውም እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔም የፊት ጥርሶቼ ረግፈው፣ ሳክስፎን ይቅርና ሻይ እፍ ስል ራሴን የማረጥብ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ዝም ለማለት ጥርስ አያስፈልግም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን ግራና ቀኙን የሚነፋ ሰው ከሌለ የኔን ዝምታ ማን ክፍያ ነው ይለዋል? ሁለት ዙር አለብኝ።