ስለ እናቴ ክንድ የጻፍኳት ትርፍ ዓረፍተ ነገር

እኛ ቤት እሑድ እሑድ የእንግሊዝ ሬድዮ ይከፈታል። ልማዱን ያመጣችው እናቴ ናት። ማሪዬታ ከተማ ውስጥ ትንከባከባቸው የነበሩ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ቀኑን ሙሉ ከፍተው ይሰሙት ነበር፤ እሳቸው ልጃቸው ጋ ሲዛወሩ ሬድዮው እናቴ ስልክ ላይ ቀረ። ዘፈን የለበትም፣ ወሬ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፣ ፖለቲከኞች ይጨቃጨቃሉ፣ ድራማ ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ስለ ወፍ ወይ ስለ ባቡር የሚያወራ አንድ ሰው አይጠፋም። እናቴ ግማሹ አይገባትም። «ምን ቸገረኝ፣ ተረጋግተው ነው የሚያወሩት» ትላለች።

እኔ የምወደው የአትክልት ጥያቄ የሚመለስበትን ነው። ሰዎች ስለታመመባቸው ጽጌረዳና አላፈራ ስላላቸው ፖም ይጽፋሉ፣ ባለሙያዎቹ እየተቀላለዱ ይመልሳሉ። በዚህ ሰመር እኔም ጻፍኩላቸው።

ነገሩ የጤና አዳም ነው። እናቴ ታከር ከተማ ባለው ቤታችን ጓሮ የተከለችው ጤና አዳም ወገቤ ድረስ ደርሷል። ቅዳሜ በቀትር ፀሐይ እጅጌዋን ሰብስባ ትቆርጠዋለች፣ በክር ታስረዋለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ለሴቶቹ ታድላለች። ከቅዳሴ በኋላ «የኔ እመቤት፣ የእኔን አስቀመጥሽልኝ?» እያሉ ይከቧታል። ዘንድሮ ግን ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ክንዷ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣባት ጀመር። ሰኞ ማታ ቆዳዋ ይቀላል፣ ማክሰኞ ያብጣል። የሥራ ሳምንቷ ሰኞ ስለሚጀምር ሁላችንም የጠረጠርነው የሥራ ጓንቷን ነው። ጓንት ቀየረች፣ ሳሙና ቀየረች፣ ቅባት ተቀባች፣ ጠበልም ሞከረች። በመጨረሻ አለቃዋ «እስኪደርቅልሽ አትምጪ» አለቻት። የምታጥበው አረጋውያንን ነው፣ አለቃዋ ልክ ናት። ግን እናቴ ይሄን ሥራ ትወደዋለች፤ ከእሷ ሌላ ሰው ላበጥራችሁ ሲላቸው እሺ የማይሉ አሮጊቶች አሏት። «ካልዳነልኝ መተዌ ነው» አለች አንድ ቀን፣ ሳህን እያደረቀች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ ቀልድ ግን አልነበረም።

እኔ የጻፍኩት ስለ ቅጠሉ ነበር። ጤና አዳም በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁና «ለምን ቢጫ ሆነ?» ብዬ ጨረስኩ። አጠረብኝ። ስለዚህ እንዲህ የምትል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት፦ «እናቴ በጠራራ ፀሐይ ክንዷን ገልጣ ትቆርጠዋለች፤ አሁን ክንዷ ውኃ ስለቋጠረ ግን ተክሉን የማጠጣው እኔ ነኝ፣ በእኔ እጅ እንዲሞት አልፈልግም።» ደስ አለኝ! ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ከዚያ ለወንድሜ አሳየሁት። አካውንታንት ነው፣ ሁሉን ነገር ማሳጠር ይወዳል።

«ይቺ ትርፍ ናት፣ ዲሊት አድርጊያት» አለ።

«አላደርግም።»

«የጠየቅሽው ስለ ተክል ነው። ስለ ማሚ ክንድ ማን ጠየቀሽ?»

«ደስ ብላኛለቻ!»

«እሺ፣ ደራሲዋ» አለና ስልኬን መለሰልኝ። እንዳለች ሴንድ አደረግኩት።

የሬድዮ ሰዎቹም በሚመጣው እሑድ እናነበዋለን ብለው መለሱልኝ። ጩኸቴ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ እናቴን በክንዷ ልጎትታት ስል ትዝ አለኝና ነጠላዋን ያዝኩ። ማንም እንዳያይባት ረጅም እጅጌ ለብሳለች። መኪና ውስጥ ወንድሜ ሬድዮውን ከፈተልን። ድራማ ላይ ናቸው፤ አንዱ ባል አምሽቶ የመጣው ዓሣ ሲያጠምድ እንደሆነ ሚስቱን ያሳምናል።

«ውሸቱን ነው» አለች እናቴ ከኋላ።

«ገብቶሽ ነው?» አላት ወንድሜ።

«ድምፁ ይበቃኛል።»

ከድራማው በኋላ ዜና፣ ከዜናው በኋላ አንዲት ሴት ስለ ድንጋይ አጥር አሠራር አወራች። ቤት ደርሰን ፓርክ ስናደርግ የአትክልቱ ጀመረ። ማንም አልወረደም፤ ወንድሜ ለኤሲው ብሎ ሞተሩን አላጠፋም።

ጽጌረዳ አለፈ። ድንች አለፈ። ከዚያ አቅራቢው የእኔን አነበበው፣ እስከ መጨረሻው፣ ትርፏን ጨምሮ። እኔ የጻፍኩት ነገር ከሬድዮ ሲወጣ መስማት እንዴት እንደሆነ አሁንም መናገር አልችልም። የወንበሩን ጀርባ ጨምድጄ ያዝኩ።

አንዱ ባለሙያ «ውኃ አብዝተውበታል» ብሎ ሊቀጥል ሲል አንዲት ሴት አቋረጠችው። «የቅጠሉ ነገር ይቆየን፤ እኔን ያሳሰበኝ የእናቷ ክንድ ነው» አለች። የዚህ ተክል ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ቁስሉ ግን ወዲያው ሳይሆን አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው አለች። ጓንት አድርጋ፣ እጅጌዋን አውርዳ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትቁረጠው፤ ለሐኪሟም ስለ ተክሉ ትንገረው።

ወንድሜ ሬድዮውን ቀነሰና ለእናቴ ተረጎመላት።

«የኔ ጤና አዳም? ስሙ ጤና ሆኖ?»

«ማሚ፣ ቅዳሜ ነው የምትቆርጪው። ሰኞ ነው የሚወጣብሽ።»

እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አገላብጣ አየችው። ከዚያ «ያን ሁሉ ጓንት በከንቱ ነው የረገምኩት በሉኛ!» አለች። ከት ብዬ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ወንድሜ በመስታወቱ አየኝ። «ዲሊት አለማድረግሽ...»

«አለማድረጌ ምን?»

«ጥሩ ነው። በቃ፣ ውረዱ።»

ሐኪሙ ስለ ተክሉ ስትነግረው ነገሩ ይሄው ነው አላት። ክንዷ ደረቀ፣ ወደ አሮጊቶቿም ተመለሰች። አሁን የምትቆርጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ ያንኑ የተረገመ የሥራ ጓንት አጥልቃ። ለሴቶቹም ስታድል «ፀሐይ ላይ እንዳትነካኩት» ትላቸዋለች። ውኃውን ቀንሼለት ቅጠሉም አረንጓዴ እየሆነ ነው።

ባለፈው እሑድ ሬድዮው ስለ ንብ ሲያወራ እናቴ «ለእነዚያ ሰዎች ምስጋና ጻፊላቸው» አለችኝ።

«ምን ልበል?»

«ድናለች፣ ሥራዋም ገብታለች በያቸው።» ትንሽ አሰበች። «ከዚያ ያቺን ትርፍ ትርፏን ጨማምሪበት።»