ሁለት ራስ ያለው እባብ

ሊሙ ካለው ቡናችን ውስጥ ለችግኝ ስቆፍር አፈሩ እንደ በሶ ቦነነብኝ። ጎረቤቶቻችን ዛፉን ቆርጠው ጫት ከተከሉ ወዲህ ዝናቡ እንደ ባለሥልጣን ቀጥሮ ይቀራል። ከጉድጓዱ ግን ትንሽ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ መጣና ልጅ አደረገኝ።

ያኔ እዚሁ አባቴ ሲቆፍር፣ ከጥቁሩ ጭቃ እግር የሌላት፣ ዓይኗ የማይታይ፣ እርጥብ ፍጡር ብቅ አለች። ራሷ ከጅራቷ አይለይም። «ሁለት ራስ ያለው እባብ!» ብሎ ዶማውን ሲያነሳ እኔ በሩጫ አጋሮ ደርሼ ተመለስኩ። ጎረቤታችን አደ ዘሃራ ዶማውን ያዙት።

«ቦፋ ሚቲ! እባብ አይደለችም! እንቁላሏን ታቅፋ አታይም?»

እውነትም እንቁላሎቿን እንደ ጥምጥም ተጠቅልላባቸዋለች።

«አደ፣ ብትነድፈኝስ?» አለ አባቴ።

«አንተን ምን ልታደርግህ? ትል ናት የምትበላው። እርጥብ አፈር ካጣች ትሞታለች፤ ቶሎ መልሳት። እሷ የጠፋችበት መሬት ቡናም አያቆይም፣ ወላሂ!»

አባቴ ቅጠል አለበሳትና «ይቅርታ እሜቴ» ብሎ አፈሩን መለሰላት።

እሷን ሳወራ በየዓመቱ አስረዝማታለሁ፤ አሁን የመብራት ምሰሶ ታክላለች። ዛሬ ግን እርሳስ የምታህለዋም ትበቃኝ ነበር። ጉድጓዱ ደረቴ ደረሰ።

«ሰውዬ፣ ለአንድ ችግኝ ነው ወይስ መቃብርህን ነው የምትቆፍረው?» አለች ባለቤቴ።

«እባብ ፍለጋ ነው» አልኳት።

ሳቀች። እኔም እንደ ልማዴ ልስቅ ብል እምቢ አለኝ። ለችግኙ ያመጣነውን የጀሪካን ውኃ ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋሁት። መሬቱ ጠጣው። ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ፤ የተንቀሳቀሰ ነገር የለም።

«በቃ ውጣ» አለችኝ።

«ቆይ፣ ትንሽ ዝቅ ልበል» አልኳትና ዶማውን አነሳሁ።